ዛርና ሽቦ፦ በሐሊም ኤልዳብ ሥራዎች ውስጥ ድምፅ ከሥፍራው ሲነሣ

የግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ የሐሊም ኤልዳብ (1921–2017) ስም በኤሌክትሮኒክስ ሙዚቃ ታሪክ ውስጥ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ምክንያት ነው። በ1944 በካይሮ የዛር ሥነ ሥርዓትን በሽቦ መቅጃ ቀድቶና ቅጂውን አቀነባብሮ የሠራው «ተዕቢር አዝ-ዛር» («የዛር መግለጫ») ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር በ1948 በፓሪስ ካቀረባቸው የታወቁ የጩኸት ጥናቶች በአራት ዓመት ይቀድማል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የቀደምትነቱ ክርክር ፋይዳ የለውም ማለት አይቻልም፤ የዘመኑን የሙከራ ሙዚቃ ከፓሪስና ከኮሎኝ ብቻ እንደ ፈለቀ አድርጎ ለሚያስተምር ሥርዓተ ትምህርት ተገቢ እርማት ነው። ሆኖም ክርክሩ ሥራውን የቴክኒክ ውጤት ብቻ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ዛር ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ዘፈን፣ እንቅስቃሴ፣ አልባሳት፣ ቀለም፣ ዕጣንና ታዳሚ ሳይነጣጠሉ የሚገኙበት ሥርዓት ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ድምፁ ብቻ ተነጥሎ ሲወሰድ የሚቀረው ምንድን ነው? ኤልዳብ በካይሮ፣ በኒው ዮርክና በአዲስ አበባ ደጋግሞ የገጠመው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ በየቦታው የሰጠው መልስ ግን አንድ አልነበረም።

ዛር እንደ ቲያትር

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የዛር ነገር ብዙ ማብራሪያ አይሻም። በውዳጃው ሌሊት ከበሮው ይመታል፤ ጭብጨባው ይደምቃል፤ ቡናው ይፈላል፤ ዕጣኑ ይጤሳል። ዛሩ የሰፈረበት ሰው የዛሩ «ፈረስ» ይባላል፤ ዛሩ ሲወርድ ፈረሱ ያጓራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ በዛሩ አንደበትም ይፎክራል። እያንዳንዱ ዛር የራሱ ስም፣ የትውልድ ሐረግ፣ ጠባይና ፉከራ አለው፤ የሚወደውን ልብስ፣ ጌጥና የመሥዋዕት ቀለምም ለይቶ ይጠይቃል። በአንዲት ጠባብ ጎጆ ውስጥ የሚከናወነው ይህ ሥርዓት በሌላው ዓለም በተለያየ ጣሪያ ሥር የተከፋፈሉትን ጥበባት አንድ ላይ ይዟል ማለት ነው።

ፈረንሳዊው ጸሐፊና የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ሚሼል ሌሪስ በ1932 ከዳካር–ጅቡቲ የጥናት ጓድ ጋር ጎንደር በደረሰ ጊዜ የሳበው ይኸው ነበር። በአባ ጄሮም ገብረ ሙሴ ረዳትነት፣ መልካም አየሁ በተባሉት ስመ ጥር ባለ ዛር ቤት ለወራት እየተመላለሰ ሥርዓቱን መዘገበ። ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ በ1958 ባሳተመው ጥናት፣ የጎንደር ዛር ከቲያትር የሚያቀራርበው ብዙ ነገር እንዳለው ጠቅሶ አንድ ልዩነት አበጀ። አንደኛው ቲያትር ሰዎች ዐውቀው የሚጫወቱት ነው፤ ሌላው የሚኖሩት ነው። በሁለተኛው ውስጥ ተዋናዩ ሌላ ሰው ሆኖ ለመታየት አይጥርም፤ ሌላው አካል በእርሱ አድሮ ይናገራል፤ ተሰብሳቢውም ተመልካች ብቻ ሳይሆን ዘፋኝ፣ አጨብጫቢና ጠያቂ ነው። ሌሪስ በሁለቱ መካከል ያለውን ድንበር ደረቅ አላደረገውም፤ ባለ ዛሯ በምታደርገው ነገር ውስጥ ማወቅና አለማወቅ እንደሚቀላቀሉ በግልጽ አይቷል። ይህ ልዩነት የኤልዳብን ሥራዎች ለመመርመር ከቀደምትነቱ ክርክር ይልቅ የሚጠቅም መሣሪያ ነው።

ብዙ አጥኚዎች ዛር ወደ ሱዳንና ወደ ግብፅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተስፋፋው በባርነት ተወስደው ከሄዱ ኢትዮጵያውያን፣ በተለይም ከሴቶች ጋር እንደሆነ ያምናሉ። በሱዳን የዛር መናፍስት መካከል «ሐበሻ» ተብሎ የሚጠራ ራሱን የቻለ ወገን መኖሩ፣ በሱዳንና በግብፅ ዛር የሚደረደረው ጠንቡራ የክራር ዘመድ መሆኑም ልብ ይባላል። እንግዲህ የሃያ ሦስት ዓመቱ ኤልዳብ በካይሮ የቀዳው ድምፅ በሩቁ ከኢትዮጵያ ጋር የተሳሰረ ነበር።

ካይሮ፣ 1944

ኤልዳብ ትምህርቱ ግብርና ነበር፤ ሙዚቃን ግን ከልጅነቱ ያውቃል። በአሥራ አንድ ዓመቱ በካይሮ የተካሄደውን የ1932 ዓለም አቀፍ የዐረብ ሙዚቃ ጉባኤ የመከታተል ዕድል አግኝቶ ነበር፤ ቤላ ባርቶክና ፓውል ሂንደሚት የተሳተፉበት ነው። (ሌሪስ በጎንደር የዛር ፉከራ ሲጽፍ የነበረው በዚያው ዓመት መሆኑ ግጥምጥሞሽ ነው፤ ከግጥምጥሞሽ በላይ ትርጉም ሊሰጠው አይገባም።)

በ1944 ከአንድ የካይሮ ራዲዮ ጣቢያ የሽቦ መቅጃ ተዋሰ። መሣሪያው ከባድ ነው፤ ድምፅን የሚይዘው እንደ ፀጉር በቀጠነ የብረት ሽቦ ላይ ነው። የዛር ሥርዓቱ የሴቶች በመሆኑ ኤልዳብና አንድ ጓደኛው ራሳቸውን ተከናንበው ሴት በመምሰል ወደ ስፍራው ገቡ። ስለዚህ ሥራው ገና ከመነሻው በአልባሳትና በማስመሰል የተጀመረ ነው፤ በሌሪስ አነጋገር በሚኖሩት ቲያትር ውስጥ የሚጫወቱ ሁለት ሰዎች ገብተዋል። ይህ ታሪክ በሙዚቃ መጻሕፍት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ወጣትነት ድፍረት በፈገግታ ይተረካል። የታዳሚዎቹ ፈቃድ ነገር ግን አብሮ አይነሣም፤ መነሣት ይገባዋል።

ከቀረጻው በኋላ የተሠራው ሥራ የድርሰቱ እምብርት ነው። የሽቦ ቅጂ በኋላ እንደመጣው የማግኔት ክር በቀላሉ አይቆረጥም፤ ቢቆረጥም መልሶ የሚያያዘው በቋጠሮ ነው። ስለሆነም ኤልዳብ ትኩረቱን ከመቁረጥና ከመቀጠል ይልቅ በጣቢያው ክፍሎች ላይ አደረገ። ቅጂውን በማስተጋቢያ ክፍል ውስጥ እያጫወተ እንደገና ቀዳው፤ ተንቀሳቃሽ ግድግዳዎችን እያቀረበና እያራቀ የድምፁን ጠባይ ለወጠ፤ የኤሌክትሪክ ኃይሉንም ተቆጣጠረ። ክፍሉ ራሱ የሙዚቃ መሣሪያ ሆነ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከሁሉ የሚልቀው ግን በሴቶቹ ድምፅ ላይ ያደረገው ነው። እያንዳንዱ የሰው ድምፅ አንድ መሠረታዊ ድምፅና በላዩ የሚደረደሩ ቀጫጭን ተደራቢ ድምፆች አሉት። ኤልዳብ መሠረታዊውን አስወግዶ ተደራቢዎቹን አስቀረ። የተገኘው ቃሉ የማይለይ፣ ከሩቅ እንደሚመጣ የደወል ጥሪ ያለ የሚንሳፈፍ ድምፅ ነው። ደራሲው ይህን ሲያስረዳ በድምፁ ውስጥ የተሰወረውን ውስጣዊ ድምፅ ይፈልግ እንደነበር ደጋግሞ ገልጿል።

ውጤቱ ውብ ነው፤ ውበቱም ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል ዛር ራሱ የሚያምነውን ነገር በመሣሪያ ይፈጽማል፦ የሚሰማው ድምፅ የዚያች ሴት አይደለም፣ ከእርሷ ባሻገር ያለ ነው። በሌላ በኩል የወጡት ነገሮች ሥርዓቱን ሥርዓት ያደረጉት ናቸው። የዛሩ ስም የለም፤ ፉከራው የለም፤ ከበሮው ለማን እንደተመታ አይታወቅም፤ የምትታመመውና የምትፈወሰው ሴት ጠፍታለች። ድርሰቱ በዚያው ዓመት በካይሮ ለአድማጭ የቀረበው በሥዕል ማሳያ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ከሴቶች ጓዳ ወደ ሥዕል አዳራሽ መሻገሩ የሥራውን ጠባይ ከማናቸውም ትንተና በላይ ይናገራል፤ ድምፁ ከእንግዲህ እንደ ሥዕል በዝምታ ቆመው የሚመለከቱት ነገር ሆኗል።

ሰውነት ወደ መድረክ ሲመለስ

ኤልዳብ በ1950 ወደ አሜሪካ ሄዶ በኒው ሜክሲኮና በብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲዎች ተማረ፤ በታንግልዉድ የበጋ ትምህርት ቤትም ከአሮን ኮፕላንድ ተማረ። የዳንስ ቀማሪዋ ማርታ ግሬሃም ለትልቁ ሥራዋ ሙዚቃ እንዲጽፍ የመረጠችው በዚህ ጊዜ ነው። «ክሊተምኔስትራ» በ1958 በኒው ዮርክ አደልፊ ቲያትር ታየ። ሌሊቱን የሚሞላ ረጅም ሥራ ሲሆን መቅድም፣ ሁለት ገቢርና መደምደሚያ አለው። ባሏን አጋሜምኖንን ገድላ በልጇ በኦሬስቴስ እጅ የተገደለችው ንግሥት በሙታን ዓለም ሆና ያለፈውን ትመረምራለች፤ ለምን እንደተዋረደች ትጠይቃለች።

የመድረኩ ቅርጽ የኢሳሙ ኖጉቺ ነው። ኖጉቺ ቤተ መንግሥት አልሠራም፤ አጥንት የሚመስሉ ቅርጾች፣ ጦሮችና ሰፊ ጨርቅ ብቻ አኖረ። ያው ጨርቅ በአንድ ወቅት መጋረጃ፣ በሌላ ጊዜ አጋሜምኖን ወደ ሞቱ የሚራመድበት የድል ምንጣፍ ይሆናል። በመድረኩ ጎንና ጎን ሁለት ዘፋኞች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ቆመው ታሪኩን በዜማ ያወርዳሉ። ዘፋኞቹ ገጸ ባሕርያት አይደሉም፤ ዳንሰኞቹም አይናገሩም። ስለዚህ የክሊተምኔስትራ ጩኸት ከአንድ አካል ይወጣል፣ የክሊተምኔስትራ ሰውነት ግን ሌላ ነው። የኤልዳብ ድርሰት ኃይሉን የሚያገኘው ከዚህ ክፍተት ነው። የድምፁ አያያዝ ከተጣራ የኦፔራ ዘፈን ይልቅ ለሙሾና ለእንጉርጉሮ ይቀርባል።

በ1944 የተሰወረው ሰውነት እዚህ ተመልሷል። የግሬሃም የእንቅስቃሴ ስልት በትንፋሽ ላይ የተመሠረተ ነው፤ እንብርት አካባቢ የሚጀምር መኮማተርና መፍታት መላውን አካል ያንቀሳቅሳል። ጉሪ የወረደበትን ሰው ያየ ተመልካች ይህን ሲያይ መመሳሰሉ ሊታየው ይችላል። መመሳሰል ግን አንድነት አይደለም። በአደልፊ ቲያትር ዛር የሚሰፍርበት የለም፤ ተመልካቹ ትኬት ቆርጦ በጨለማ ተቀምጧል፣ አያጨበጭብም፣ አይጠይቅም፣ ዕርቅ አያስታርቅም። ኖጉቺ፣ ግሬሃምና ኤልዳብ ጥበባቱን መልሰው አንድ አድርገዋል፤ አንድ ያደረጓቸው ግን በሚጫወቱት ቲያትር ውስጥ ነው። የሌሪስ መጽሐፍና ይህ ሥራ በአንድ ዓመት መውጣታቸው ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ለማንበብ ጥሩ ምክንያት ይሆናል።

ከዚህ በኋላ የመጡት ሁለት ሥራዎች በአጭሩ ይጠቀሱ። በኮሎምቢያ–ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክስ ሙዚቃ ማእከል የተሠራው «ለይላና ባለቅኔው» የለይላና የመጅኑንን ጥንታዊ የፍቅር ታሪክ መነሻ ያደረገ ድራማ ነው፤ ፍጥነቱ በተለዋወጠ የሰው ድምፅ፣ በዋሽንትና በከበሮ የተቀነባበረ ሲሆን መድረክ ባይኖረውም አድማጩ መድረክ በሐሳቡ እንዲያበጅ ያስገድደዋል። ከ1961 ጀምሮ በጊዛ ፒራሚዶች ሥር ለሚቀርበው የድምፅና የብርሃን ትርኢት የጻፈው ሙዚቃ ደግሞ ብዙ ሕዝብ የሰማው ሥራው ነው፤ አብዛኛው ጎብኚ የደራሲውን ስም ሳያውቅ ይሰማዋል። በዚህ ትርኢት ላይ የሙዚቃው ድርሻ ከብርሃኑ ቀጥሎ የሚመጣ ነው፤ እንደ ሙከራ ብዙ የሚጨምረው የለም።

አዲስ አበባ

ኤልዳብ ከ1962 እስከ 1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በ1963 ከልዩ ልዩ አካባቢዎች የመጡ የባህል ሙዚቀኞችን አሰባስቦ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። በኤልዳብ የሕይወት ታሪክ ውስጥ ይህ ክፍል በጥቂት መስመር የሚታለፍ ነው። ለቀረበው ጥያቄ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ምክንያቱም እዚህ የገጠመው ቅጂ ሳይሆን ፊት ለፊቱ የተቀመጠ፣ መልስ የሚሰጥ ሰው ነበር።

ክራርና መሰንቆ በመድረክ ሲታዩ የመጀመሪያቸው አልነበረም፤ በ1935 የተመሠረተው የአገር ፍቅር ማኅበር ቀድሞ አሳይቷቸዋል። አዲሱ ነገር አብረው ተጫውተው የማያውቁ መሣሪያዎችን በአንድ ኦርኬስትራ ማሰለፉ ነበር። አስቸጋሪነቱ ከመድረክ በታች ይጀምራል። የክራር ደርዳሪ ክሩን የሚቃኘው በራሱ ድምፅ ልክ ነው፤ ትዝታም ሆነ ባቲ፣ አምባሰልም ሆነ አንቺሆዬ፣ ቅኝቱ የታወቀ ቢሆንም መነሻ ድምፁ ግን እንደ ዘፋኙ ይለያያል። ዋሽንት ደግሞ ቀዳዳው ከተበሳ በኋላ አይቃኝም፤ ነፊው የሚለውጠው ዋሽንቱን ራሱን ነው። እምቢልታ ጣት የሚያርፍበት ቀዳዳ ስለሌለው እያንዳንዱ ነፊ ጥቂት ድምፅ ብቻ ያወጣል፤ ዜማው የሚገኘው ነፊዎቹ ተራ በተራ ሲሰካኩ ነው። እነዚህን ለማቀናጀት አንዱ የሌላውን መነሻ ድምፅ መቀበል ግድ ይለዋል። የቴክኒክ ጉዳይ የሚመስለው ነገር እንግዲህ ማን ለማን ይጠጋል የሚል ጥያቄ ነበረበት።

በገና ከሁሉ ይከብዳል። አሥሩ ጅማቶች የሚሰጡት እርጥብ ንዝረት የሚገኘው በጅማቱና በብርኩማው መካከል ከሚገባው ቁራጭ ቆዳ ነው፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ሲሆን ለደርዳሪውና አጠገቡ ለተቀመጠ ሰው የታሰበ ነው። በይበልጥ የሚሰማው በዐቢይ ጾም ሲሆን ሥራውም ጸሎት ነው። በከበሮና በመለከት መካከል በአዳራሽ ሲቀመጥ ሁለት ነገር ያጣል፤ ዝምታውንና ወቅቱን። እዚህ ላይ የካይሮው ጥያቄ ሙሉ በሙሉ ተመልሷል፦ ለፈጣሪ የቀረበ ድምፅ ለተመልካች ሲቀርብ ምን ይሆናል? ቀላል መልስ የለውም። ይሁንና ኦርኬስትራው ባይኖር ኖሮ በ1960ዎቹ የከተማ ወጣት በገናን ከናሱ ባንድ እኩል የሚደመጥ መሣሪያ አድርጎ የሚያይበት መድረክ እጅግ ጠባብ ይሆን ነበር። መለከትና እምቢልታም ከቤተ መንግሥት ሥርዓት ውጭ ሌላ ሕይወት እንዲያገኙ መንገድ ተከፍቷል።

የአዲስ አበባውን ሙከራ ከካይሮው የሚለየው ቀጥሎ የሆነው ነገር ነው። ኤልዳብ በ1964 ሄደ፤ ሥራው ግን አልቆመም። ከ1966 ጀምሮ ኦርኬስትራውን የመራው ተስፋዬ ለማ ነበር። ድርሰቱም፣ ቅንብሩም፣ የመድረኩ አሰላለፍም በባለቤቶቹ እጅ ገባ። እንደ መሰንቆው ጌታ ጌታመሳይ አበበ ያሉ ተጫዋቾች በስማቸው የሚታወቁ አርቲስቶች ሆኑ። ቡድኑ በ1969 አሜሪካ ድረስ ተጉዞ ትርኢቱን አቀረበ፤ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽም ዘለቀ። ተስፋዬ ለማ በኋላ በዋሽንግተን ተቀምጦ ይህንኑ ሥራ በስደት ላለው ማኅበረሰብ ቀጥሎበታል። መሥራቹ የጀመረው ማሰባሰብ ጉድለት ቢኖረውም፣ የተሰበሰቡት ሰዎች ሊያርሙት፣ ሊለውጡት፣ ሊተዉትም ይችሉ ነበር። የካይሮዎቹ ሴቶች ይህ ዕድል አልነበራቸውም።

ኦሃዮና ሁለቱ ደቂቃዎች

ኤልዳብ ከ1969 ጀምሮ በኦሃዮ በሚገኘው በኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በግንቦት 1970 የብሔራዊ ጥበቃ ወታደሮች በግቢው ውስጥ በተማሪዎች ላይ ተኩሰው አራቱን ገደሉ፤ ዘጠኙን አቆሰሉ። በዓመቱ የወጣው «ኦፔራ ፍላይስ» በዚህ ግድያ ላይ የተመሠረተ ነው። እዚህ ደራሲው ተሸፋፍኖ የገባ እንግዳ አልነበረም፤ ሐዘኑ የራሱ ግቢ ሐዘን ነበር። በዚህ ዘመን ድምፅን ከቀለም ጋር የሚያዛምድ የራሱን የኖታ አጻጻፍም አዳብሯል፤ መነሻው ከጥንታዊት ግብፅ የወሰደው ሐሳብ ነበር። ለዐይንና ለጆሮ አንድ ፊደል መፈለጉ ከመጀመሪያው ጥያቄ ጋር ይገናኛል፤ ዛር በልብስና በጌጥ ቀለም የሚናገረውን ኤልዳብ በወረቀት ላይ ሊያኖር ሞከረ።

የ1944ቱ ድርሰት ሃያ ደቂቃ ያህል ርዝመት ነበረው። በ2000 ለአድማጭ በዲስክ የወጣው ከእርሱ የተቆረጠ ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው፤ በሙዚቃ ታሪክ ትምህርት ክፍሎችም የሚሰማው ይኸው ነው። በካይሮ ሲቀርብ ርእሱ የሥርዓቱን ስም ይዞ ነበር። ዲስኩ ላይ የተጻፈው ርእስ ግን ትርጉሙ «የሽቦ መቅጃ ቁራጭ» ነው፤ የተጠራው መሣሪያው እንጂ ዛሩ አይደለም።